የሀረገወይን ሰም

ሙሉብርሃን ከመቱ ወደ ጎሬ ሲሄድ በቅሎውን ሊያጠጣ ሶር ወንዝ ዳር ወረደ። ከማዶ ጭነታቸውን እንደ ተሸከሙ የሚመለሱ በቅሎዎች አየ፤ ከኋላቸው አቶ ገብረ ሥላሴ በእግራቸው ያዘግማሉ። እኒህ ሰው በመቱ የታወቁ የሰም ነጋዴ ናቸው። ሙሉብርሃን የጎረቤታቸው ልጅ ሲሆን፣ አዲስ አበባ ተምሮ ጎሬ ከአንድ የውጭ አገር ነጋዴ ዘንድ በአስተርጓሚነት ይሠራል።

«ጋሼ፣ እንደምን ዋሉ? ጭነቱ ምነው ተመለሰ?»

«ምን መዋል አለ ልጄ! የጎሬ ገዢዎች ሰምህ ጠቁሯል፣ ጉድፍ አለበት ብለው መለሱኝ። ድሮ ሌላው ነጋዴ ደጅ ሲጠና እኔን ቆመው አይቀበሉኝም ነበር?»

«ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሆነው?»

ሽማግሌው ከዛፍ ጥላ ሥር ተቀመጡና ጋቢያቸውን ሰበሰቡ።

«ሀረገወይን ከሞተች ወዲህ» አሉ።

እትዬ ሀረገወይን ባለቤታቸው ነበሩ። ከጠጅ ላይ ተገፎ በየጠጅ ቤቱ የሚሰበሰበውን ሰፈፍ አቅልጠው፣ አጥልለው፣ ወርቅ የመሰለ ሰም የሚያወጡት እርሳቸው ነበሩ። ስሙ ግን «የገብረ ሥላሴ ሰም» ይባል ነበር።

«እንግዲህ ምን አሰቡ ጋሼ?»

«የቡና መሬቴን ልሸጥ ነው። ትልልቅ የብረት ድስት ገዝቼ ነበር፣ አልበቃም፤ እጨምራለሁ። በቅሎም እጨምራለሁ። ብዙ ካቀለጥሁ ከብዙው መሀል ጥሩው አይጠፋም።»

«አይቆጡኝና፣ ድስት ሲጨመር ጥቁሩ ሰም ይበዛል እንጂ አይጠራም። የቤትዎ ትልቁ ሀብት እትዬ ሀረገወይን ያውቁት የነበረው ሙያ ነው።»

«ሙያ በሚዛን ይሰፈራል? በበቅሎ ይጫናል? እኔ ሀብት የምለው በዓይኔ የማየውን ነው!»

«በቅሎዎቹ ያው አሉ። ጎተራውም አለ። ሰፈፉም ከዚያው ጠጅ ቤት ይመጣል። የጠፋው የማይታየው ብቻ ነው፤ ገዢው ግን መጥፋቱን አየው።»

ሙሉብርሃን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ለመሆኑ እትዬ ለማንም አላስተማሩም?» ሲል ጠየቀ።

«ልታስተምር ፈልጋ ነበር። ለልጃችን ለአበባየሁ፣ ለቤቱም ሴቶች ላሳይ ብላ ለመነችኝ። ልጅቱ ነገ ባል ታገባና ምስጢራችንን ለሰው ቤት ይዛ ትሄዳለች፣ ሠራተኛዋም ወደ ሌላ ነጋዴ ትኮበልላለች ብዬ ከለከልሁ። አበባየሁን ከማቅለጫው ቤት አባረርኋት። ሀረገወይን ታማ በተኛች ጊዜ እንኳ ‹ልጅቱን ጥራልኝ፣ ልንገራት› አለችኝ። ትድኛለሽ፣ ምን አስቸኮለሽ አልኋት።»

አንባቢ ሆይ፣ ምስጢር መጠበቅ ሌላ ነው፣ ምስጢር መቅበር ሌላ ነው። መድኃኒት ዐዋቂው የቅጠሉን ስም፣ አንጥረኛው የእሳቱን ልክ ይዞ መቃብር ሲወርድ፣ ልጆቹ ባዶ ወናፍ ይወርሳሉ። ስንቱ ደኅና ቤት እንዲህ ፈረሰ!

«አበባየሁ አሁን የት ናት?»

«ኖፓ አገር ተድራለች።»

«እንግዲያው መሬቱን ከመሸጥዎ በፊት ሄደው ይጠይቋት።»

«ያባረርኋትን ልጅ ምን ብዬ?»

«ተሳስቻለሁ ብለው።»

አቶ ገብረ ሥላሴ ምክሩን ተቀብለው ኖፓ ሄዱ፤ ጥፋታቸውንም ሳይሸሽጉ ተናገሩ። አበባየሁ የአባቷን ነገር እስከ መጨረሻው ሰማች።

«መባረሬንስ ረስቼው ነበር» አለች። «እናቴ እየጠራችኝ ሳልደርስላት መቅረቴን ግን ዛሬ ሰማሁ። ምነው አባባ?»

አባትና ልጅ አብረው አለቀሱ። በማግስቱ ባሏን አስፈቅዳ ከአባቷ ጋር መቱ መጣች፤ ድስቶቹን እንዳየችም ራሷን ነቀነቀች።

«እማዬ በብረት አቅልጣ አታውቅም፣ በሸክላ ነው እንጂ። ሰሙን ያጠቆረው ይኸው ነው። እሳቱም ረጋ ያለ ይሁን፤ ሁለቴ ይጠለል፤ ቀስ ብሎ እንዲበርድ ይሸፈን።»

ይህን ያህል ከመባረሯ በፊት አይታ ነበር። ሰሙ ጠራ፤ የጎሬም ገዢዎች ተቀበሉት። መሬቱ ከመሸጥ ዳነ። አበባየሁ የቤቱን ሴቶች አስተማረች፤ አቶ ገብረ ሥላሴም ከትርፉ ድርሻ ሰጧቸው። አንዲቱ ወደ ሌላ ነጋዴ ሄደች፤ ነገር ግን የቀሩት ስለሚያውቁ ሥራው አልቆመም። እንዲያውም ከመካከላቸው አንዷ የማጥለያውን ጨርቅ አሻሽላ ጉድፉን ይበልጥ ቀነሰችው። ለብዙ ሰው የተካፈለ ዕውቀት እንዲህ ይወልዳል፤ ተቆልፎበት የኖረ ግን ከባለቤቱ ጋር ይሞታል።

ያ የወርቅ መልክ ግን አልተመለሰም። እትዬ ሀረገወይን በመጨረሻ የሚጨምሩት አንድ ነገር ነበር፤ አበባየሁ ግን ያን ሳታይ ተባራ ከደጅ ቀርታ ነበር። ቅጠሉንም ሥሩንም ሞከሩ፤ ማር ቆራጮቹን ጠየቁ፤ የሚያውቅ ጠፋ።

አንድ ቀን ጎሬ ላይ ገዢው ሰሙን እያገላበጠ፣ «ጥሩ ነው፤ የድሮው ግን አይደለም» አላቸው።

«አይደለም» አሉ አቶ ገብረ ሥላሴ። ከዚያም ተራቸውን ወደሚጠብቁት ወጣት ነጋዴዎች ዞሩ። «ልጆቼ፣ ዛሬ ቤታችሁ ስትገቡ፣ ሥራችሁን የሚያውቁላችሁን ሰዎች ምን እንደሚያውቁ ጠይቋቸው። ቁጭ ብላችሁም ስሙ። እኔ ዕድሜ ልኬን ከሀረገወይን ጋር ኖሬ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅኋትም።»