የመኪናዬን ዘይት ማን ጨረሰው?

አበልጄን ሌባ ብዬ ልሰድበው ነበር እኮ! ፈንታሁን ልጄን ክርስትና ያነሳ መካኒክ ነው፤ እዚህ ሱዳን፣ ገዳሪፍ ውስጥ ከሱ በቀር መኪናዬን የሚነካት የለም። የሞተር ዘይት ቀይሮልኝ ብዙም ሳልነዳ፣ ዳሽቦርዱ ላይ መቶ በመቶ ብሎ የጀመረው የዘይት ዕድሜ ቁልቁል ወርዶ "ቀይር" የሚል መብራት በራብኝ። አሮጌ ዘይት አጣርቶ እንደ አዲስ ሞልቶብኛል ብዬ፣ ከምቆጣጠረው የባሱንዳ ሰሊጥ እርሻ ደሜ እየፈላ ወደ ጋራዡ መጣሁ።

"ምን ዓይነት ዘይት ነው የሰጠኸኝ?" አልኩት።

"ደህና ዘይት። መኪናዋ እኮ ዘይቱን አታየውም" አለኝ ረጋ ብሎ። "ሞተሩ ምን ያህል እንደዞረና እንደጋለ ቆጥራ ነው የምትገምተው። ቆማም ቢሆን ሞተሩ ከሠራ ትቆጥራለች። ያ ዞል፣ አንተ ሰውዬ፣ እርሻው ላይ ምን ስታደርግ ነው የምትውለው?"

እውነቱን ነገርኩት፦ ሠራተኞቹ ሲያርሙ እኔ ሞተር አስነስቼ፣ ኤሲ ከፍቼ እተኛለሁ። ይህን ሲሰማ በሳቅ ፈረሰ። "አበልጄ፣ ዘይትህን የጨረሰው እንቅልፍህ ነው!"

እፎይ! የልጄ ክርስትና አባት ሌባ ከሚሆን እኔ እንቅልፋም ብባል ይሻለኛል።

"በል ቀይርልኝ" አልኩት። "ለሚስቴ ብቻ እንዳትነግራት፤ ፀሐይ ሲያቃጥለኝ የምውል ነው የሚመስላት።"