ሽማግልና በሱቅ መስኮት

ደሴ፣ የኮሮና አዋጅ በወጣበት ሚያዝያ፣ ጭጋጉ ገና ሳይገፈፍ፤ አቶ አበጋዝ ከሱቃቸው የብረት መስኮት ውስጥ፣ አቶ ይመር ከዘራቸውን ተደግፈው ደጅ ላይ በኖራ ከተሰመሩት ክቦች በመጀመሪያው ውስጥ፤ ከኋላቸው ሁለት ጋቢ ለባሾች ወረፋ ይዘው ቆመዋል።

አበጋዝ፦ አይሆንም ብያለሁ። ስኳር ከፈለጉ ስኳር፣ ሳሙና ከፈለጉ ሳሙና። ከዚያ ሌላ ላለው ጉዳይ አዋጁ ሲነሳ ይመለሱ።

ይመር፦ «ይመለሱ»? ከመቼ ወዲህ ነው እኔ ላንተ አንቱ የሆንኩት?

አበጋዝ፦ ከእሑድ ወዲህ።

ይመር፦ የእሑዱን እንደርስበታለን። ዛሬ የመጣሁት ለራሴ አይደለም። የእህቴ ልጅ አንዷለም ልኮኝ ነው። ልጅህን ትብለጥን ለልጃችን ስጠን ብዬ ደጅህ ቆሜያለሁ። በወግ መጥቻለሁ፣ በወግ መልስልኝ።

አበጋዝ፦ በመጀመሪያ ጭምብልዎን ከአገጭዎ ላይ ያንሱ። አገጭ አይተነፍስም።

ይመር፦ አፌን ሸፍኜ እንዴት ልጅ ልለምን? ሽማግሌ ፊቱ ካልታየ ሌባ ነው የሚመስለው።

አበጋዝ፦ ደግሞ ከክቡ ወጥተዋል። ቀኝ እግርዎ።

ይመር፦ ጣቴ ናት የወጣችው።

አበጋዝ፦ ጣትም እግር ነው። ያን ኖራ በእጄ ነው ያሰመርኩት። በሰፈሩ የኮሮና ኮሚቴ ሰብሳቢ ደጅ ሰው ተደራርቦ ከታየ ነገ ማን ይሰማኛል?

ይመር፦ ይኸው ገባሁ። አሁን መልሱን።

አበጋዝ፦ ድምፅዎን ቀነስ ያድርጉ። የሰፈሩ መስኮት ሁሉ ተከፍቷል።

ይመር፦ ራቅ ብለህ ቁም ያልከኝ አንተ፣ ቀስ ብለህ ተናገር የምትለኝም አንተ። በዚህ ርቀት ሚስጥር አይወራም፣ አበጋዝ። ልጅ ልለምን ብዬ ከብት የጠፋበት ሰው አስመሰልከኝ።

አበጋዝ፦ ወግ ካሉ ወግ ይሁን። ለልጅ የሚላክ ሽማግሌ ስንት ነው?

ይመር፦ ሦስት።

አበጋዝ፦ እርስዎስ?

ይመር፦ እኔማ አንድ ነኝ።

አበጋዝ፦ አንድ እጅ ብቻውን አያጨበጭብም። ለእኔ ልጅ አንድ ሰው፣ እሱም ጭምብሉን አገጩ ላይ አንጠልጥሎ? አባቴ እህቴን ሲድር የመጣው ሽማግሌ ከደጃችን እስከ ወንዙ ነበር የተሰለፈው።

ይመር፦ በድምፅ ማጉያ እየዞርክ «አትሰብሰቡ፣ ከአራት በላይ ሆኖ የተገኘ ይጠየቃል» የምትለው አንተ አይደለህም እንዴ? ትናንት የእትዬ ሽታዬን ዶሮ ከነጫጩቶቿ በትነሃል እየተባለ ይወራል።

አበጋዝ፦ ውሸት ነው። የበተንኩት እትዬ ሽታዬንና ጎረቤቶቿን ነው፤ ዶሮዋ መሀላቸው ነበረች።

ይመር፦ ታዲያ እኔ ስመጣ ከደጅ እስከ ወንዝ ይሰለፍልኝ ትላለህ?

አበጋዝ፦ ሦስት ከአራት ያንሳል። ያንን አዋጁም አይከለክልም።

ይመር፦ ሦስት ከሆንን ትሰማናለህ?

አበጋዝ፦ ይምጡና እናያለን።

ይመር፦ መጥተዋል። እነዚህ ከኋላዬ የቆሙት እነማን ይመስሉሃል?

አበጋዝ፦ ዘይት ፈላጊዎች። ሁለቴ «ዘይት አልገባም» ብያቸው አንገታቸውን ነቅንቀው ዝም አሉ።

ይመር፦ በሁለተኛው ክብ ያሉት ሐጂ ሰይድ ናቸው፣ ልብስ ሰፊው። በሦስተኛው ያለው የእድራችን ዳኛ ወንድይፍራው ነው። «ወረፋ ላይ ወሬ አታብዙ፣ በሽታው በትንፋሽ ነው የሚተላለፈው» ያልከው አንተ ነህ። ሰው አክብሮህ ዝም ቢል ዘይት ፈላጊ አደረግከው።

አበጋዝ፦ ሐጂን አጣቸዋለሁ እንዴ? ሐጂ ይሄን ያህል አይወፍሩም።

ይመር፦ ሁለት ጋቢ ደርበው ነው፤ ብርዱን አታየውም? ጭምብላቸውን ዝቅ ያድርጉልህና ፊታቸውን እይ። ሐጂ፣ እስቲ አንዴ…

አበጋዝ፦ እንዳያወርዱት። ሐጂ፣ እንዳያወርዱት። አምኛለሁ።

ይመር፦ እንግዲያው ሦስት ነን።

አበጋዝ፦ ሦስት ናችሁ። እንዲህ ከሆነማ አረፍ በሉ፣ እዚያ ድንጋዩ ላይ።

ይመር፦ ወጉን ረሳኸው? ሽማግሌ የልጅቷ አባት መቀመጫ አውጥቶ «ተቀመጡ» እስኪለው እንደቆመ ነው። መቀመጫ ካወጣህ ደግሞ ልጅህን ሰጠኸን ማለት ነው።

አበጋዝ፦ እንግዲያው ቁሙ።

ይመር፦ ቆመናል።

አበጋዝ፦ በወጉ መሠረት ደግሞ እኔ ዘመድ ማማከር አለብኝ። ወንድሜ መካነ ሰላም ነው ያለው።

ይመር፦ ስልክ አለ።

አበጋዝ፦ በስልክ የሚዳር ልጅ የለኝም። እንዲህ ያለ ነገር ጎን ለጎን ተቀምጦ ነው የሚመከረው። መኪና ደግሞ ቆሟል። መኪና ሲከፈት እሄዳለሁ፣ እመክራለሁ፣ እመለሳለሁ፣ አሥራ አራት ቀን ራሴን ለይቼ እቀመጣለሁ። ከዚያ መልስ እሰጣለሁ።

ይመር፦ እስከዚያ አንዷለም ይሸብታል።

አበጋዝ፦ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች። ደግሞ የእሱን ስም ካነሱ ልጠይቅዎ። ያ ልጅ አዋጁ ከወጣ ጀምሮ በየማለዳው እየመጣ ክብሪት ይገዛል። ቤታችሁን ሊያቃጥል ነው?

ይመር፦ መደርደሪያው ሞልቶ ከአልጋ ሥር መክተት ጀምረናል። እህቴ በእሳት አደጋ ፍርሃት እንቅልፍ አጥታለች። ነገሩ ገባህ ወይስ ላስረዳህ?

አበጋዝ፦ ገብቶኛል። ክብሪት የሚያልቅበት ትብለጥ መስኮቱ ላይ ስትሆን ነው። እኔ ስሆን «እንደምን አደሩ» ብሎ ያልፋል።

ይመር፦ ሲያልፍ እጅህን ይጨብጣል?

አበጋዝ፦ አይጨብጥም። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ጎንበስ ይላል። ጭምብሉም እስከ አፍንጫው ነው። እሱን አልክድም፤ ሥርዓት ያለው ልጅ ነው። በአጎቱ አልወጣም።

ይመር፦ ተመስገን፣ አንድ ነገር አመንክ። ታዲያ ለምን ታንገራግራለህ? እሷን እንደሆነ ጠይቃት።

አበጋዝ፦ እሷን ምን እጠይቃታለሁ? ሰሞኑን ክብሪቱን ከላይኛው መደርደሪያ አውርዳ መስኮቱ ሥር ደርድራዋለች። ለሌላ ዕቃ ቦታ የለም።

ይመር፦ እንግዲያው አለቀ።

አበጋዝ፦ አላለቀም። ድግሱስ? ያለ ድንኳን፣ ያለ ዘመድ አዝማድ፣ አራት ሰው አስቀምጬ ልዳራት? ያለችኝ አንድ ልጅ ናት። ደሴ ሁሉ በልቶ ካልመረቀ ሠርግ ነው ወይ?

ይመር፦ ሐጂ፣ ይሰማሉ? በማጉያ ሲያባርረን የከረመው ሰውዬ ደሴን ሁሉ ሊጠራ ነው።

አበጋዝ፦ አሁን አላልኩም። ይሄ ነገር ሲያልፍ ነው ያልኩት።

ይመር፦ እሑድ ለቅሶ ላይ ባሏ የሞተባትን ሴትዮ ባቅፍ፣ በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት፣ በማጉያ «አንተ የበሽታ ደላላ» ብለህ ጠራኸኝ። ሴትዮዋ እንኳ ለቅሶዋን አቋርጣ ዞራ አየችኝ። ያኔ «አሁን» እና «ሲያልፍ» የሚባል ነገር አልነበረም።

አበጋዝ፦ እኔ ደላላ ብልዎ እርስዎ ምን አሉኝ? እሱን ለምን አይነግሯቸውም?

ይመር፦ ያውቁታል። ነበሩ።

አበጋዝ፦ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ ነበረ። «አንተ ሰው የምትሸሸው፣ ስትሞት ማን ይቀብርሃል?» አሉኝ። ከልጅነታችን ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ሰው።

ይመር፦ አፌ ነው የቀደመኝ። ሳፍር አፌ ይቀድመኛል፤ ታውቀኛለህ።

አበጋዝ፦ እኔ ደግሞ ቤት ገብቼ አሰብኩበት። እውነት ነው እኮ፣ ማን ይቀብረኛል?

ይመር፦ ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ። ይሄ የድንኳን ጉዳይ አይደለም፣ የወንድምህም ጉዳይ አይደለም። እስቲ ሽማግልናውን ለጊዜው ልተወውና ይመር ሆኜ ልስማህ። ምን ሆነሃል?

አበጋዝ፦ ሁለቱ ይሰማሉ።

ይመር፦ ሐጂ ጆሯቸው ከብዷል። የወንድይፍራው ክብ ደግሞ ሩቅ ነው፤ ያራቅኸው አንተው ነህ።

አበጋዝ፦ አስሜን ታውቃለህ።

ይመር፦ አውቃለሁ።

አበጋዝ፦ እናቷ ካረፈች ወዲህ ደረቴ ሲታፈን ሰምታ የምትነሳው ትብለጥ ናት። ሳልጠራት ትሰማለች። መብራት ሳታበራ መድኃኒቱን አምጥታ አፌ ላይ ትነፋልኛለች፣ ትንፋሼ እስኪመለስ አጠገቤ ትቀመጣለች። በሽታን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እኔ ግን ከሰፈሩ ደብቄ ነው የኖርኩት። አሁን ደግሞ የመጣው በሽታ የሚይዘው ትንፋሽን ነው አሉ። እናንተ እጅ ለእጅ ተያይዛችሁ ስትስቁ እኔ የማዳምጠው የራሴን ደረት ነው። ማጉያውን የያዝኩት ለዚያ ነው። በዚህ መሀል ትብለጥን ስጠን ትሉኛላችሁ። ልስጥ። እዚህ ቤት የምንቀረው እኔና ማጉያው ነን።

ይመር፦ ቆየኝ፣ አንዴ እጄን ከከዘራው ላስለቅቅ።

አበጋዝ፦ ምን እያደረግህ ነው?

ይመር፦ አፍንጫዬን እየሸፈንኩ ነው።

አበጋዝ፦ ዛሬ ምን ታየህ?

ይመር፦ አስምህን አውቅ ነበር። ከዚህ ጋር አያይዤ ግን አላሰብኩትም። እኔ ሹመት ያማረህ ነበር የመሰለኝ።

አበጋዝ፦ ትንሽ አምሮኝም ነበር።

ይመር፦ እሱንማ ሰፈሩም ያውቃል። አሁን ስማኝ። በማጉያህ በየማለዳው የምትለው ምንድን ነው?

አበጋዝ፦ እጃችሁን ታጠቡ።

ይመር፦ ከዚያስ?

አበጋዝ፦ ተራራቁ። ከቤት አትውጡ።

ይመር፦ ከቤት አትውጡ። ይሄ ለሙሽራ አይሠራም የሚል አለበት?

አበጋዝ፦ የለበትም።

ይመር፦ እንግዲያው ዛሬ ቃልህን ትሰጠናለህ። ቀለበቱን በሳሙና አጥበን በዚህ መስኮት እናቀብላለን። ትብለጥ ደግሞ አዋጁ እስኪነሳ ከአባቷ ቤት ንቅንቅ አትልም። ሕግ ነው። እወጣለሁ ካለች አንተው በማጉያ ትመልሳታለህ።

አበጋዝ፦ አዋጁ ቢራዘምስ?

ይመር፦ አንተ ደስ ይልሃል፣ አንዷለም ክብሪት ይገዛል።

አበጋዝ፦ አንተ አዋጁን ስትጠቅስ እሰማለሁ ብዬ አላሰብኩም።

ይመር፦ አንተስ ስለ ድንኳን ስትጨነቅ? ዛሬ ቦታ ተለዋውጠን ነው ያደርነው።

አበጋዝ፦ ከተነሳ በኋላስ? አንድ ቀን መነሳቱ አይቀርም።

ይመር፦ ሐጂ ግቢያቸው ውስጥ ያለውን ቤት ለአንዷለም ለቀውለታል። ካንተ ቀጥሎ ሁለተኛው በር ነው። አንተ ስታስል ትብለጥ ከዚያ ትሰማሃለች፤ እሷ ብታንቀላፋ ሐጂ ይሰማሉ።

አበጋዝ፦ ጆሯቸው ከብዷል አላልክም?

ይመር፦ ሽማግሌ ነገር ለማቃናት ትንሽ ይዋሻል።

አበጋዝ፦ ስለዚህ ሁሉንም ሰምተዋል።

ይመር፦ ሰምተዋል። ዓይናቸውን በጋቢያቸው ሲጠርጉ አያለሁ፤ ወይ ጭጋጉ ነው። ወንድይፍራውም ከዚያ ሩቅ ክብ ሆኖ አንገቱን እየነቀነቀ ነው። ይሄኛው መነቅነቅ የዘይት አይመስለኝም።

አበጋዝ፦ የእሑዱስ?

ይመር፦ የእሑዱን ቃሌን በዚያው ሰፈር ፊት አነሳዋለሁ። ማጉያውን ብታውሰኝ ዞሬ እናገራለሁ። እኔ ነኝ የምቀብርህ፣ አበጋዝ። አገር አስከትዬ።

አበጋዝ፦ አራት ሰው።

ይመር፦ እሺ፣ አራት ሰው። አንተ ግን አትቸኩል።

አበጋዝ፦ እኔም «ደላላ» ያልኩህን አንስቻለሁ። «የበሽታ» ያልኩትን ግን ነገም አፍንጫህ ተሸፍኖ ሳየው ነው የማነሳው።

ይመር፦ በግማሹም ይሁን። አሁን ጭጋጉም ሊገፈፍ ነው፣ እኛም እንደቆምን ነን። ለአንዷለም ምን ብለን እንሂድ? ክብሪት መግዛቱን ይቀጥል ወይስ ይበቃዋል?

አበጋዝ፦ ትብለጥ፣ ከመጋረጃው ጀርባ እንዳለሽ አውቃለሁ። ሦስቱን በርጩማ አውጪላቸው፤ በየክባቸው መሀል አድርጊ።