የአያ ሞላ ክንድ

በኛ ጊዜ ልጅ ሲታጭ መጀመሪያ የሚጠየቀው በሬና መሬት አይደለም፤ «በዘራቸው በሽታ አለ ወይ?» ነው። ሰማህ ልጄ? ቁምጥና፣ የሳንባ በሽታ፣ ይህ ከተነሣ ሽማግሌው ዱላውን አንሥቶ ይሄዳል። ታዲያ ልጄ፣ እናትህ፣ ለአባትህ በታጨችበት ዓመት፣ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ቆይቶ፣ ከሰቆጣ የጤና ሰዎች መጡና ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ሾላው ሥር ሰበሰቡን።

አንዲት ሲስተር አለች፣ ቀስ ብላ የምትናገር። «የሳንባ በሽታ አንዱን ጥሎ ሌላውን ለምን እንደሚምር እያጠናን ነው» አለችን፣ እና ክንዳችን ላይ ከቆዳው ሥር ጥቂት መድኃኒት ወጋችን። «አትከኩት፣ ምንም አትቀቡት፤ ከነገ ወዲያ መጥተን እንለካዋለን» አለች። እሺ አልን። እሺ ማለት ምን ገዶን።

ታዲያ በማግስቱ የእናትህ ክንድ ቀልቶ አበጠ። ምንጭ ወርዳ ሴቶቹ አዩባት፣ ወሬው አያ ሞላ ዘንድ ደረሰ፤ ያው የአባትህ አባት። ሽማግሌ ላከብኝ። «ልጅቱ ሳንባዋ ተነክቷል ይባላል፣ ነገሩ ይቆይ» አሉኝ። ይቆይ ማለት ቀረ ማለት ነው። አዘንኩ፣ አልዋሽህም፤ ልጅቱም ወደ ግድግዳ ዞራ ተኛች። አያትህማ «ማጭድ አግዬ ልተኩሰውና ይጥፋ» አለች። «ተይ፣ አትንኩት ተብለናል» አልኳት።

የሚለካበት ቀን ደረሰና ሾላው ሥር ተሰበሰብን። ሲስተሯ ማስመሪያዋን ይዛ ትለካለች፣ አያ ሞላ በዚያ ፀሐይ ጋቢውን እስከ ጣቱ ተከናንቦ ከኋላ ቆሟል። «አባባ፣ ክንድዎን» አለችው። «እኔ ደህና ነኝ፣ ምኑን ታዪዋለሽ፣ ሌላውን እዪ» አላት። እሷም ቀስ ብላ ጋቢውን ገለጠችውና ምን እንይ? ክንዱ ተተኩሶ ቆስሏል።

«ማን ተኮሰዎት?»

«እኔው ነኛ።»

«ለምን?»

«አብጦ ነበራ።»

ሰው ሁሉ ሳቀ፣ እኔ ግን አልሳቅሁም። «ማበጡ መታመም አይደለም» አለች ሲስተሯ። «ሰውነታችን ውስጥ ዘበኛ አለ፤ በሽታውን ከዚህ ቀደም አይቶት ከሆነ ያውቀውና ይነሣበታል። እዚህ ካላችሁት የብዙው አብጧል።» እና ያበጠበትን ሁሉ አክታውን ወሰዱ፤ ውጤቱ ከሰቆጣ ሲመጣ እናትህም አያ ሞላም ንጹሕ ሆኑ።

ታዲያ አያ ሞላ ያለ ሽማግሌ ብቻውን መጣ። «ያንተ አብጦ ሳለ የኔን ልጅ ለምን ነቀፍክ?» አልኩት። አቀርቅሮ «ለልጄ ሚስት ይከለክሉብኛል ብዬ ፈራሁ፤ ቀድሞ የነቀፈ አይነቀፍም ብዬ ነው» አለኝ። እና ምን ልበለው? ልጅ ያለው ሰው ነው። ጠላ አስቀዳሁለት፣ ሰርጉም በጥር ሆነ። እንዲያ ባይሆን አንተ ዛሬ የት ትገኝ ነበር?

«እንዴ፣ አባባ» አልኳቸው አያቴን፣ «አያ ሞላ ያን ጠባሳ የጥይት ነው ብለውኝ ነበር እኮ።»

«የጥይት?» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። ሲበርድላቸው ዓይናቸውን ጠርገው፣ «በል ተወው፣ ነገረኝ እንዳትለው» አሉኝ። «የጥይት ነው።»