በአንድ ምስማር ላይ ሦስት ማስክ

የለንሳ ጫማ ባይበጠስ ኖሮ ይህ ነገር ሳይታወቅ ይቀር ነበር። ወሩ ኅዳር፣ ዓመቱ 2013 ነው። ትምህርት ቤቶች በኮሮና ምክንያት ለወራት ተዘግተው ገና መከፈታቸው ነበር። ለንሳ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሆና ጉደር ከተመደበች ሳምንቷ ሲሆን፣ ወደ ቀበሌ ስትሄድ የጫማዋ ማሰሪያ ተበጠሰ። ቀና ብትል በልጅነቷ የተማረችበት ትምህርት ቤት በር ላይ ናት። እግሯን እየጎተተች ወደ ዘበኛው ቤት ተጠጋች።

"አከም ቡልተን፣ እንዴት አደሩ፣ ኦቦ ቱፋ? ትንሽ ምስማር አይጠፋዎትም?"

ኦቦ ቱፋ ያንን በር ሃያ ሁለት ዓመት የጠበቁ ሰው ናቸው። ወዲያው አወቋት።

"ነጋ፣ ነጋ፤ ሰላም ነው። አንቺ ያቺ አርፋጇ ለንሳ አይደለሽም? ዛሬም አረፈድሽ" ብለው ሳቁና እጃቸውን ዘረጉ። እሷ ግን እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። ሽማግሌው ትንሽ ቅር ቢላቸውም እጃቸውን ሰብሰብ አደረጉ።

"ምስማርስ አለኝ፤ ሥራ ላይ ነው እንጂ" አሉ ግድግዳውን እያሳዩ። ከመስኮቱ አጠገብ በተመታች ምስማር ላይ ሦስት ማስኮች ተንጠልጥለዋል። አንደኛው ሰማያዊ ነው፤ ሁለተኛው ነጭ የነበረ አመድማ፤ የሦስተኛው ማንጠልጠያ ተበጥሶ ተቋጥሯል።

"የማን ናቸው?"

"የሁሉም ናቸው፣ ልጄ። ርዕሰ መምህሩ ማስክ የሌለው አይግባ ብሏል። መጀመሪያ ለየልጁ አንድ አንድ ታድሎ ነበር፤ ግን ልጅ ልጅ ነው፣ ይጥለዋል፣ ይቀደዋል። ታዲያ ባዶ ፊቱን ለሚመጣው በዚህች መስኮት አቀብለዋለሁ። እሱን አድርጎ በርዕሰ መምህሩ ፊት ያልፋል፤ ከዚያ ዞሮ ይመልስልኝና ቀጣዩ ይወስዳል። ከዚህ በር እስካሁን አንድም ልጅ አልተመለሰም።"

ይህን ሲናገሩ ደረታቸው ነፋ ብሎ ነበር። ሰው ደግ ሠራሁ ብሎ ሲያምን ሥራውን መርምር ቢሉት አይሰማም። ለንሳም ይህን ስለምታውቅ በቀስታ ጀመረች።

"ኦቦ ቱፋ፣ ማስክ የታዘዘው የአንዱ ትንፋሽና ምራቅ ለሌላው እንዳይደርስ ነው። እርስዎ ግን ከአንዱ አፍ ተቀብለው ለሌላው አፍ እየሰጡ ነው።"

"ተይ እንጂ። ልጆች በኮሮና መቼ ተጎዱ?"

"ብዙዎቹ ላይጎዱ ይችላሉ። ግን ቤት ሲገቡ የሚያቅፏቸው አያቶች አሏቸው። እርስዎን የሚያህሉ።"

"አሁን ደግሞ ዞረሽ እኔ ላይ መጣሽ" አሉና ሳቃቸው ቀረ። "እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ውሃ ቀድተሽ ስትመጪ ደወሉ እያመለጠሽ ስንት ቀን አስገባሁሽ? ሕግ ነው ብዬ ብመልስሽ ኖሮ ዛሬ ይህን የጤና ሠራተኛ ቦርሳ ትይዢ ነበር?"

ለንሳ አቀረቀረች። "አልይዝም ነበር" አለች።

"እንግዲያው ስሚ። ዱረቲ የምትባል የአምስተኛ ክፍል ልጅ አለች፤ የምትኖረው ከአክስቷ ጋር ነው። አክስትየዋ 'አንድ ቀን ከበር ቢመልሷት ድንች መሸጥ ትጀምራለች' ብላኛለች። በሽታው ምናልባት ይመጣ ይሆናል፤ ልጅቷ ግን ከተመለሰች ያለ ምናልባት ቀረች ማለት ነው። የቱን ልምረጥ?"

ክርክራቸው ባዶ አልነበረም። ለንሳ መስኮቷን፣ ከዚያም ምስማሯን አየች።

"ዱረቲ ትመለስ አላልኩም። ግን እስቲ ያንን አመድማውን አንድ ጊዜ ያድርጉት።"

"ምን ችግር አለው" ብለው ኦቦ ቱፋ ማስኩን አወረዱ። የጠዋት መግቢያ ሰዓት ገና ማለፉ ስለነበር ውስጡ እርጥብ ነው። ወደ አፍንጫቸው ሲያስጠጉት የብዙ አፍ ሽታ መታቸው። እጃቸው አገጫቸው ላይ ሲደርስ ቆመ። ሊያደርጉት ፈለጉ፤ እጃቸው ግን እምቢ አለ።

"ኋላ... ኋላ አደርገዋለሁ" አሉ።

"ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ" ይባላል፤ እሳቸው ለራሳቸው የተጠየፉትን ለሌላ ሰው ልጆች ሲያድሉ ከርመዋል። በዚያች ቅጽበት ደግሞ የረሱት ነገር ትዝ አላቸው። አንድ ቀን ዱረቲ የማስኩን ውስጥ በሻርፗ ጫፍ ስትጠርግ አይተው፣ "አንቺ ደግሞ ከማን ትበልጫለሽ?" ብለው በልጆች ፊት አሳፍረዋት ነበር። ከዚያ ወዲህ ሳትጠርግ ነበር የምታደርገው።

"ምን ይሻለኛል፣ ልጄ?" አሉ መሬት መሬት እያዩ።

"ማስክ የሌላቸው ልጆች ለጊዜው ግቢው ዛፍ ሥር ተራርቀው ይማሩ። ከጨርቅ የሚሰፋ ማስክ ለየልጁ ሁለት ሁለት ይበቃል፤ አንዱ ሲታጠብ ሌላው ይደረጋል። ርዕሰ መምህሩን እኔ አነጋግራለሁ። የእርስዎን ስም አላነሳም።"

"አይሆንም። ጥፋቱ የኔ ነው፤ እኔው እናገራለሁ።"

ሦስቱን ማስኮች አቃጠሉ። ምስማሯን ነቅለው የለንሳን ጫማ መቱላት።

ዓርብ ወላጆች ግቢው ውስጥ ሲሰበሰቡ ኦቦ ቱፋ ባርኔጣቸውን አውልቀው ሁሉንም ተናገሩ። ከሥራ ሊባረሩ እንደሚችሉ ያውቁ ነበር። ገለታ የሚባል ነጋዴ፣ "ለካ በሩን እየጠበቁ ኮሮናን ያስገቡ ኖሯል?" ሲል ሰው ሁሉ ሳቀ።

"አዎ፣ በመስኮት" አሉ፤ ጆሯቸው ጋለ።

ሳቁ ግን አልቆየም። ከሳቁት ውስጥ ልጁ በዚያች መስኮት ያላለፈ ጥቂት ነበር፤ ይህም አንድ በአንድ ገባቸው። ርዕሰ መምህሩም፣ "እኔም ከበር ወዲያ አልተመለከትኩም" አለ። ልብስ ሰፊው ሰይፈዲን ተነሥቶ የዩኒፎርም ቁርጥራጭ ሞልቶኛል አለ፤ እናቶች በየማስኩ ላይ የልጆቹን ስም በክር ሊጽፉ ተስማሙ። በሩ ላይ ውሃና ሳሙና ተቀመጠ፤ የክፍሎቹም መስኮት ተከፈተ።

ኮሮና በዚህ ብቻ ከጉደር አልወጣም። ነገር ግን እስከ ዓመቱ መጨረሻ ማስክ አጣ ተብሎ ከበር የተመለሰ ልጅ አልነበረም፤ የሌላውን አፍ የተዋሰም አልነበረም። ያመመው ልጅ ቤቱ ይቆያል፤ ደብተሩን ጓደኛው ያደርስለታል። አያቶችም የልጅ ልጆቻቸውን ያለ ስጋት መላክ ጀመሩ። ደግነት ብቻውን በቂ አይደለም፤ ማወቅ ካልታከለበት ልጅን አስገባሁ ሲል በሽታን ያስገባል።

ኦቦ ቱፋ ግን ከዚያ ሁሉ የማይረሱት የመጀመሪያውን ሰኞ ነው። ዱረቲ ስሟ የተጻፈበትን ማስክ አድርጋ መጣች፤ እንደ ለመደችው እጇን ወደ መስኮቷ ዘርግታ ወዲያው መለሰችው። ሽማግሌው ከዘበኛ ቤቱ ወጡ።

"ያኔ ስትጠርጊ ተቆጥቼሽ ነበር። ጥፋተኛው እኔ ነኝ፤ ይቅር በይኝ።"

ልጅቷ ትልቅ ሰው ይቅርታ ሲጠይቃት አጋጥሟት አያውቅምና መሬት መሬት አየች።

"ይሸት ነበር፣ አባባ" አለች ቀስ ብላ።

"አውቃለሁ፣ ልጄ። እኔም አሸትቼዋለሁ" አሉና በሩን ሰፋ አድርገው ከፈቱላት።