ጋኔንና ጭላዳ የታረቁበት የስንዱ ጠላ ቤት

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ጠላ ቤት ማለት የፕላስቲክ ወንበር ተደርድሮ ቴሌቪዥን የሚታይበት እንዳይመስላችሁ። ከደባርቅ ወጣ ብሎ፣ ሊማሊሞ ገደል አፍ ላይ የስንዱ ጠላ ቤት ነበረች፣ እና ቅዳሜ ገበያው ሲበተን እዚያ የማይገባ ፍጡር አልነበረም። ገበሬው ይገባል፣ የገደሉ ጋኔን ይገባል፣ ጭላዳ ዝንጀሮም ጎፈሬውን አበጥሮ ይገባል። አትሳቅ አንተ! ጭላዳው ከስንቱ ሰው የተሻለ ጨዋ ጠጪ ነበር።

ታዲያ እዚያ ቤት ላይኛው መደብ የሚባል አለ፣ ከግድግዳው ጋር የተሠራ የጭቃ መቀመጫ ነው፣ የተከበረ ሰው የሚቀመጥበት። ጋኔኑ ከአያት ከቅድመ አያቱ ጀምሮ ቦታው እዚያ ነው። አንድ ቅዳሜ ግን ጭላዳው ቀድሞ ገብቶ ቁጢጥ ብሎ ጠበቀው።

«ተነሥ» አለው ጋኔኑ።

«ለምን ብዬ? ፈረንጁ ባሕር ተሻግሮ የሚመጣው እኔን ሊያይ ነው። አንተን ማን ፎቶ አንሥቶህ ያውቃል?»

ይቺ ንግግር ጋኔኑን አሳረረችው። «እኔን እኮ ካሜራ አያነሣኝም! ጥፋቱ የኔ ነው?» አለና ጎፈሬውን ጨበጠው፣ ጭላዳውም ነከሰው፣ ገበሬውም ማን ከማን እንደተጣላ ሳይጠይቅ ዱላውን ይዞ ገባበት፣ እና ሙሉ የጠላ ጋን ተሰበረ። በሚቀጥለው ቅዳሜም እንዲሁ፣ ሌላ ጋን።

ስንዱ አለቀሰች። «አባቶቼ፣ የቀረችኝ አንዲት ጋን ናት። እሷ ከተሰበረች ቤቴን ዘግቼ ዳባት እኅቴ ዘንድ እገባለሁ። አስታርቁልኝ» አለችን፣ ቄስ አድማሱንና እኔን።

ደንቡን ታውቃላችሁ፤ ሽምግልና ያለ ጸሎት አይከፈትም፣ ሽማግሌም ባዶ ሆዱን አይዳኝም። ስለዚህ ስንዱ በግ አረደች፣ ጠላ ቀዳች፣ ባላጋራዎቹም ግራና ቀኝ ቆሙ። ታዲያ ቄስ አድማሱ ተነሥተው «በስመ አብ ወወልድ…» ከማለታቸው ጋኔኑ እፍ! በጣሪያው ወጣ።

ጭላዳው ደረቱን ነፋ፣ ያንን ቀይ ደረቱን፣ «ባላጋራዬ ሸሸ፤ ፍረዱልኝ!» አለ።

«ባላጋራ በሌለበት አይፈረድም» አሉ ቄሱ። «ለሳምንት ቀጥረናል። የቀረበውን ግን መመለስ ነውር ነው፣ ቅጂ ስንዱ።»

ለሳምንቱም ያው፣ ሌላ በግ። ለሚቀጥለውም ሳምንት ያው፣ ሌላ በግ። እኔ «አባ፣ ጸሎቱን ከእርቁ በኋላ ብናደርገውስ?» ብላቸው «አንተ ሞላ! ለጋኔን ብለህ ሥርዓት ታፈርሳለህ?» ብለው ተቆጡኝ። እውነታቸውን ነው። በጉም የሰባ ነበር።

ታዲያ አንድ ቅዳሜ ስንዱ ልትቀዳ ጓዳ ገብታ ብታይ፣ ያቺ የመጨረሻዋ ጋን አልተሰበረችም፣ ደርቃለች። ወጣችና አየችን። ዶማ አነሣች። እኛ ግድግዳ ተጠጋን፣ ቄሱም መስቀላቸውን ረስተው ዋንጫቸውን ደረታቸው ላይ አቀፉ። እሷ ግን ላይኛውን መደብ ትንደው ጀመር፣ ጓ! ጓ! ከመሬት እኩል እስኪሆን ድረስ።

«በሉ!» አለች፣ «ከእንግዲህ ሁላችሁም መሬት ነው የምትቀመጡት!»

ጋኔኑ ከጸሎቱ ሸሽቶ ከወጣበት ጣሪያ ቁልቁል አየ። ጭላዳው ሽቅብ አየው።

«የተጣላንበት ፈረሰ እኮ» አለ ጭላዳው።

«እሱስ ፈረሰ፣ ጠላውን ማን ጨረሰው?» አለ ጋኔኑ።

ሁለቱም እኩል ዞረው አዩን።

ልጆቼ፣ ቄስ አድማሱ በዚያ ዕድሜያቸው እንዲያ ይሮጣሉ ብዬ አስቤ አላውቅም! ጸሎቱም ጠፋባቸው። ጋኔኑ ጋቢዬን ገፈፈኝ፣ ጭላዳው ባቴን ነከሰኝ፣ እና ዳገቱን ስንወጣ ከኋላችን ተቃቅፈው ሲስቁ ይሰማናል። ይኸው ታረቁ ማለት አይደለም? ስንዱም ዳባት አልሄደችም፣ ጋን ገዝታ እዚያው ጠመቀች፣ ዛሬም እዚያው ናት። ሰው ግን ሽምግልናችን ሠራ አይልም።

«አባባ፣ ታዲያ እርስዎን ያስገቡዎታል?» አለቻቸው አባባ ሞላን የልጅ ልጃቸው።

«ያስገቡኛል እንጂ! ጋኔኑ በግራ፣ ጭላዳው በቀኝ ሆነው በር ላይ ይፈትሹኛል። ሌላውን የሚፈትሹት ዱላ ይዞ እንደሆነ ነው፤ እኔን ግን ላስታርቅ መጥቼ እንደሆነ!» አሉና እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።