የካርቶኑ ግድግዳ

ሞጣ የሄድኩት ለልቅሶ ነበር። ዘመኑ 2009፣ ወሩ ሐምሌ። ሐዘንተኞቹን ተሰናብቼ ወደ ቢቸና የሚመልሰኝን መኪና ፍለጋ ወደ መናኸሪያ ስወርድ ዝናቡ መንገድ ላይ ደረሰብኝ። ከሐምሌ ዝናብ ጋር ቆሞ የሚከራከር ሰው የለም፤ ያገኘሁት በር ውስጥ ዘው አልኩ። የጫማ ሱቅ ነበር።

"ይግቡ፣ ይግቡ! ኧረ በስብሰዋል!" ብለው ባለሱቁ በርጩማ አቀረቡልኝ። አቶ ፋንታ ይባላሉ፤ በዕድሜ እኩያዬ ናቸው። እኔም መምህር ቀለሙ መሆኔን፣ ዕድሜዬን በሙሉ ቢቸና ላይ ሳስተምር ኖሬ ጡረታ መውጣቴን ነገርኳቸው። ቀና ብዬ ሳይ ሱቁ ሦስቱም ግድግዳው ከወለል እስከ ጣሪያ በጫማ ካርቶን ተደርድሯል። የግድግዳው ቀለም እንኳ አይታይም።

"ወይ ጉድ! ይህን ያህል ጫማ በአንድ ሱቅ አይቼ አላውቅም" አልኩ።

አቶ ፋንታ ደስ አላቸው። "ገበሬ የሞላ ሱቅ ነው የሚወድ። ሳሳ ብሎ ካየው 'ይሄ ሰውዬ ከስሯል' ብሎ ወደ ጎረቤት ያልፋል" አሉኝ።

ከጠረጴዛው ጀርባ አንዲት ወጣት ተቀምጣለች። ትርሲት ትባላለች፤ የእህታቸው ልጅ ናት። ሒሳብ አያያዝ ተምራ ቢቸና በአንድ የመለዋወጫ ሱቅ ትሠራለች፤ አጎቷን ልትጠይቅ መጥታ ነው። ከመግባቴ በፊት ክርክር ላይ እንደነበሩ ፊታቸው ያስታውቃል።

"መምህር፣ እርስዎ ይፍረዱን" አለችኝ።

"ምን ይፈርዳሉ!" አሉ አቶ ፋንታ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው። "ዓመቱን ሙሉ የሽያጭ ማሽን ግዛ ትለኛለች። የሸጥኩትን ሁሉ በሲም ካርድ ለመንግሥት የሚያሳብቅ ዕቃ፣ ያውም በገዛ ገንዘቤ! እንዲህ ያለ ነገር ሰምተው ያውቃሉ?"

"ጋሼ፣ የሸጡትን ነው የሚልከው፤ ያልሸጡትን አይጨምርብዎትም" አለች ትርሲት ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ዘንድሮ ነጋዴው ሁሉ የቀን ገቢ ገማች መጣብኝ ብሎ ሲንቀጠቀጥ የኛ አለቃ የማሽኑን ሪፖርት አስገብቶ ቁጭ ብሏል። ለእርስዎም ቢሆን ነገ ግዴታ መሆኑ አይቀርም። ዛሬ እንዘጋጅ ነው የምለው። ዕቃ ሲያመጡ ደረሰኝ ይቀበሉ፤ ሲሸጡ ይስጡ። እዚህ ያለውንም ጫማ አብረን እንቁጠረው።"

እንቁጠረው ስትል አቶ ፋንታ ከመቀመጫቸው ብድግ አሉ።

"ቆጠራ! አባቴ እዚሁ ገበያ ላይ ጨው ሲሸጥ ኖሮ ሞተ። የቀን ገቢውን ለእናቴ እንኳ ነግሯት አያውቅም። ቆጥሮ በረከቱን ያባረረ ስንት ነጋዴ አይቻለሁ! እኔስ ምን ቁርጥ አርጎኝ?"

ዝም ማለት የማይሆንልኝ ሰው ነኝ፤ ገባሁበት። "ይቅርታ ያድርጉልኝና አቶ ፋንታ፣ አሥራት ያወጣሉ?"

"እንዴታ! ክርስቲያን አይደለሁም እንዴ!"

"ያልቆጠሩትን ከአሥር አንድ እንዴት አድርገው ያወጡታል?"

"እሱ ለእግዜር ነው፤ እግዜር ያውቃል" አሉ።

"እግዜርማ ያውቃል፤ ገማቾቹ ናቸው የማያውቁ" አለች ትርሲት።

አቶ ፋንታ ወሬውን ወደ መብራት አዞሩት። መብራት ሲጠፋስ ማሽኑ ምን ይሆናል አሉ፤ ባትሪ አለው አለቻቸው። ዋጋውስ አሉ፤ ውድ ነው፣ አልዋሽዎትም፣ ተበድረንም ቢሆን እንግዛው አለች። "ኧረ ወዲያ!" ብለው በእጃቸው አባረሯት። የተማረ ልጅ አሳድጎ ምክሩን አለመስማት ምን ይሉታል? እኔስ በሽቄ ነበር።

ዝናቡ ጋብ ሲል ሦስት ሰዎች ገቡ። ገማቾቹ ናቸው። አንዱ ከግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት የመጣ ትሑት ወጣት፣ ሁለተኛው የቀበሌ ሰው፣ ሦስተኛው የነጋዴው ተወካይ አቶ ሰማው። ሰማው ሲገቡ አቶ ፋንታ ኮታቸውን አስተካከሉ። ለካ የሰማው ልጅ ለአቶ ፋንታ ልጅ ታጭታለች፤ ሽማግሌ ገብቶ እሺታ ተገኝቷል።

"ጋሼ፣ በቀን ምን ያህል ይሸጣሉ?" አለ ወጣቱ።

"እግዜር ያመጣውን ነዋ!"

"በቁጥር ቢነግሩኝ?"

"እኔ ቁጥር አላውቅም።"

ወጣቱ ግድግዳዎቹን አየና ተጨነቀ። ይሄኔ አቶ ሰማው የወደፊት ዘመዳቸውን ያሞገሱ መስሏቸው "የፋንታን ሱቅ ምን ትጠይቃለህ? አታየውም እንዴ! ሞጣ ላይ እንዲህ የሞላ ሱቅ አሳየኝ እስቲ!" አሉ።

ትርሲት እጇን ወደ አንዱ ካርቶን ሰደደች። አቶ ፋንታ እጇን ቀለብ አደረጉና "ተይ!" አሉ በጥርሳቸው። ገማቾቹ ረድፉን አይተው፣ ጽፈው፣ አመስግነው ወጡ።

በሩ እንደተዘጋ ትርሲት አንዱን ካርቶን አውርዳ ከፈተችው። ባዶ። ሁለተኛውንም፣ ሦስተኛውንም። ክው አልኩ።

"ሁሉም ነው?"

"ከፊት ካሉት ጥቂቶቹ በቀር ሁሉም" አለች፤ እንባዋ መጣ። "ገበሬው ጫማውን ገዝቶ እዚሁ ተጫምቶ ነው የሚሄድ፤ ካርቶኑን አይፈልገው። ጋሼ ባዶውን ከቦታው ይመልሱታል። ሱቁ እንዲሞላ።"

"አቶ ፋንታ፣ በገዛ እጅዎ እኮ በራስዎ ላይ መሰከሩ!" አልኩ። ተናድጄ ነበር፤ አልደብቅም።

"ሰማው ፊት ልክፈተው? ልጁን ሊድርልኝ ቃል የገባ ሰው ፊት ገመናዬን ላውጣ? ሞቼ እገኛለሁ!" ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ግምቱ ሲለጠፍ የመጣባቸው ግብር ሱቁ ከነጫማው ቢሸጥ የማይሸፍነው ሆነ። ትርሲት ቢቸና ቤቴ ድረስ መጣች። "ጋሼ ቅሬታ አስገብተዋል። ለማጣራት ሊመጡ ነው። ካርቶኑን ለመክፈት እሺ ብለዋል፤ ግን ብቻቸውን አይችሉትም። በማርያም፣ አብረውን ይሁኑ" አለችኝ። ሄድኩ።

እነዚያው ሦስት ሰዎች መጡ። አቶ ፋንታ ከስተዋል። የሰማውን ዓይን ሳያዩ ወንበር ላይ ወጡና ካርቶኖቹን ከላይ ጀምረው እየከፈቱ ወደ ወለሉ ይወረውሩ ጀመር። "ባዶ! ይኸውና ባዶ! ይሄም ባዶ!" ጎረቤቱ በር ላይ ተሰበሰበ። ካርቶኑ እስከ ጉልበታችን ሞላ። ከዚያ ግድግዳው ብቅ አለ፤ ውሃ የበላው ጭቃ ግድግዳ ነው። አንድ ሰው ገመናውን በአደባባይ ሲገልጥ ማየት እንዴት ያሳፍራል! መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

"አያችሁ? የለኝም!" አሉ አቶ ፋንታ እያለከለኩ።

ወጣቱ አንዱን ካርቶን አነሣ፤ ክዳኑን መለሰለት። ያሳዘኑት ይመስለኛል።

"ባዶ መሆኑን አየሁ ጋሼ። ግን ባዶ ካርቶን ማለት የተሸጠ ጫማ ማለት ነው። ጫማው አሁን የለም ማለት ሸጠውታል ማለት ነው።"

"አዎ ሸጨዋለሁ! የሃያ ዓመት ነው እኮ!"

"ሊሆን ይችላል። የሃያ ዓመት መሆኑን፣ የዘንድሮ አለመሆኑን የሚያሳይ አንድ ደረሰኝ ይስጡኝና ግምቱን ዛሬውኑ ላሰርዝልዎ።"

አቶ ፋንታ ትርሲትን አዩ፤ ትርሲት መሬት መሬት አየች። ምን ደረሰኝ አለና! ያ ሁሉ ካርቶን ሲሞላ የመሰከረባቸውን ሲራቆትም መልሶ መሰከረባቸው። በዓይን ለክቶ የሰው ጉሮሮ የሚዘጋ ግምት እኔም ጠላቴ ነው፤ ይህን ለማንም እነግራለሁ። ነገር ግን ሰውዬው ራሱን የሚከላከልበት አንድ ቁራጭ ወረቀት አልነበረውም። ለምን ቢባል፣ ሲለመን እምቢ ስላለ።

ግምቱ ጸና። አቶ ሰማው ካርቶኑን በእግራቸው እየገፉ ደህና ዋሉ ሳይሉ ወጡ። በሳምንቱ ልጅቷ ትምህርቷን ትጨርስ የሚል መልእክት መጣ፤ እጮኝነቱ በዚያው ቀረ። አቶ ፋንታ ሱቁን ሸጠው፣ የጎደለውን ከዘመድ ለቃቅመው ግብሩን ከፈሉ።

በየካቲት ቢቸና ገበያ ውስጥ ስዘዋወር "መምህር!" የሚል ድምፅ ጠራኝ። አንድ በር ያላት ጠባብ ቤት ነች። ንግድ ፈቃዱ የትርሲት ነው፤ የሚሸጡት አቶ ፋንታ ናቸው። ጫማዎቹ መደርደሪያው ላይ ራቁታቸውን ተቀምጠዋል፤ ቁጥራቸው ጥቂት ነው። ጠረጴዛው ላይ ማሽኗ አለች።

"እንግዲህ ገዟት!" አልኩ።

"ገዛናት። ያን ጊዜ የሸሸሁት ዋጋ ከወሰዱብኝ ላይ ሲሶውን አይሞላም" አሉ። ፈገግታ የሚመስል ነገር ፊታቸው ላይ መጣና ጠፋ። "እውነቱን ልንገርዎ፤ በረከቴን አላባረረችብኝም። ማንም መጥቶ ቀና ብሎ ጣሪያዬን አያይ። የሸጥኩ ቀን ሸጠ ትላለች፤ ባዶ እጄን የዋልኩ ቀን ባዶ እጁን ዋለ ብላ ትመሰክርልኛለች። የትኛው ጫማ እንደሚሄድ፣ የትኛው አቧራ እንደሚጠጣ ዛሬ ነው የማውቅ፤ ያኔ የትኛው እንዳለቀብኝ እንኳ ለይቼ አላውቅም ነበር። ትርሲት ብድር ስትጠይቅም ከዚህችው የወጣውን ወረቀት ነው ያሳየች። ለቢቸና ነጋዴ ይንገሩልኝ መምህር፤ እርስዎን ይሰማል። ገማች በር ላይ ሲቆም የሚጀመር ዝግጅት የለም፤ አርፍዷል ማለት ነው። ይቺን ለመማር የልጄን ሠርግና የሃያ ዓመት ሱቄን ከፈልኩ። ሌላው በነጻ ይማረው።"

አንድ ጥቁር የቆዳ ጫማ መረጥኩና ከፈልኩ። ማሽኗ ቅርር ብላ ደረሰኝ አወጣች።

"ካርቶኑስ?" አልኩ ሳላስበው።

"ካርቶን አላስገባም። ዕቃ ሲመጣልኝ እዚያው መናኸሪያ አራግፌው ነው የምመጣ" አሉና ጫማውን በፌስታል አድርገው ሰጡኝ። ደረሰኙን ግን አጥፈው በእጃቸው ኮት ኪሴ ውስጥ ከተቱልኝ።

"እንዳይጥሉት" አሉኝ።