ያለ ፈቃድ የተኛው ዘበኛ

አጎቴ ፍራሽ እየሰፋ የሚሸጥ ሰው ነው። ከሱቁ በር ላይ፣ ከእግረኛ መንገዱ ዳር፣ ሁልጊዜ አንድ ፍራሽ ዘርግቶ ያስቀምጣል፤ አላፊ አግዳሚው በእጁ ጫን ጫን እያደረገ ልስላሴውን እንዲሞክር። መቀመጥ ግን ክልክል ነው።

ያን ዕለት ጠዋት እሱን ላግዝ ስመጣ አንድ ሸምገል ያለ ሰው የዘበኛ ካፖርቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ ከፍራሹ ፊት ቆሞ አገኘሁ። በፍራሹ ልብስ ላይ ደግሞ አንድ ዘበኛ ወንበር ላይ ተደግፎ፣ አፉን ከፈት አድርጎ ተኝቶ ታትሟል። የቆመውንም የተኛውንም አየሁ። አንድ ሰው ናቸው።

«እንደምን አደርሽ ልጄ» አሉኝ ባርኔጣቸውን አንስተው። «ባለሱቁን ማግኘት ይቻል ይሆን? ስለ እንቅልፌ ጉዳይ ነው የመጣሁት።»

ከጎናቸው ሱሪዋን ቀለም የነካካው ወጣት ቆማለች፤ ልጃቸው ናት። ይዣቸው ገባሁ። አጎቴ ትልቁን መርፌ ደረቱ ላይ ሰክቶ፣ ፀጉሩ ላይ የጥጥ ብናኝ ሰፍሮበት ተነሣ። ሽማግሌውን ሲያይ ፊቱ በራ።

«እንዴ፣ አባባ፣ እርስዎ ነዎት? እኔ ሠዓሊ የፈጠረው ሰው መስለውኝ ነበር። እርስዎ ፍራሼ ላይ ከተኙ ወዲህ ገበያዬ ነፍስ ዘርቷል።»

«አባቴ ግን ከሥራው ወጥቷል፣ ጋሼ» አለች ልጅቱ በትሕትና። «ሥዕሉን በሰፈራችን ትምህርት ቤት አጥር ላይ የሣልኩት እኔ ነኝ። የሚጠብቀው መጋዘን ኃላፊ በእርስዎ የጭነት መኪና ላይ ተለጥፎ አየውና ‹ዘበኛዬ በከተማው ሁሉ ተኝቶ እየዞረ ሌባ ምን ይላል? ይሄ ነገር እስኪጠፋ እንዳትመጣ› ብሎ አሰናበተው።»

አጎቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ከልቡ አዘነ። ነገር ግን ማዘንና ጥፋቱ የእኔ ነው ማለት የተለያዩ መሆናቸውን ወዲያው አሳየን።

«ያሳዝናል። ግን እኔ ምን አደረግሁ? መንገድ ላይ አገኘሁት፣ በስልኬ አነሣሁት፣ ማተሚያ ቤት ወሰድኩት። አጥሩን ነቅዬ አልሄድኩ። ሥዕሉ እዚያው አለ፣ አንድ ጭረት አልጎደለበትም። መንገድ ላይ ያለ ነገር የሁሉም ነው።»

«ለማየት የሁሉም ነው። እርስዎ ግን ሸጡት። እኔ አጥሩን እንኳ ዳይሬክተሩን አስፈቅጄ ነው የነካሁት። እኔን መጠየቅ ለምን ከበደዎት?»

«ማንን ልጠይቅ? ስም የለበትም።»

«አለበት። ከእግሩ ሥር ‹አባቴ በዕረፍት ቀኑ› ብዬ ጽፌ፣ ስሜንና ስልኬን አስቀምጫለሁ።»

አጎቴ ጢሙን ማሻሸት ጀመረ። «እግሩ ፍራሹ ላይ አልገባም አለን። ቆረጥነው።»

አጎቴ ከልክ ያለፈ ነገር ሁሉ በመቀስ የሚስተካከል ይመስለዋል። ጽሑፉ ሲኖር ሥዕሉ ደክሞት ያረፈ አባት ነበር፤ ጽሑፉ ሲቆረጥ ሥራ ላይ ያንቀላፋ ዘበኛ ሆነ።

«ከእግሬ ጋር ዕረፍቴንም ቆረጡት ማለት ነው» አሉ ሽማግሌው ቀስ ብለው።

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንቺ ምሁሯ፣ ጥግ ይዘሽ ዝም ከምትይ ሕጉን ንገሪያቸው እንጂ።»

ወለሉን እያየሁ፣ «አጥሩ የትምህርት ቤቱ ነው፤ ሥዕሉ ግን የእሷ ነው። ሳታስፈቅዳት መሸጥ አትችልም» አልኩት።

«ለዚህ ነው ዩኒቨርሲቲ ድረስ የላክንሽ?»

ክርክሩ ቀጠለ። እሷ በትሕትና ስትጠይቅ እሱ በትሕትና እምቢ ሲል፣ ሁለቱም ሽማግሌው መውጣታቸውን አላስተዋሉም። እኔ በመስኮት አየኋቸው። ጫማቸውን አውልቀው ጎን ለጎን አስተካክለው አኖሩ፤ ባርኔጣቸውን ጫማው ላይ አደረጉ፤ ከዚያ መንገድ ዳር ካለው ፍራሽ ላይ፣ በገዛ ሥዕላቸው ላይ፣ ጋደም አሉ።

አጎቴ መቀሱን እንደያዘ ሮጠ፤ እኔና ልጅቱም ተከተልነው። «አባባ፣ እባክዎ ይነሡልኝ። የሚሸጥ ፍራሽ ነው።»

«አውቃለሁ ጌታዬ። ይዤው አልሄድም። እዚሁ ይቀራል፤ አንድ ክር አይጎድልበትም።»

«የእኔ እኮ ነው።»

«መንገድ ላይ አግኝቼው ነው።»

ሰው መሰብሰብ ጀመረ። አንዲት ዘንቢል የያዘች ሴት ጠጋ ብላ፣ «ከነሰውየው ነው የሚሸጠው?» ብላ ጠየቀች።

አጎቴ ላብ አጠመቀው። «እጄ እስኪቆስል የሰፋሁት ነው፣ አባባ። ሌላው ቢቀር፣ መጀመሪያ መጠየቅ ማንን ገደለ?»

ሽማግሌው አንድ ዓይናቸውን ገልጠው አዩትና መልሰው ጨፈኑት። አጎቴ የተናገረው ቃል ዞሮ ጆሮው ውስጥ ሲገባ ቆሜ አየሁ። መቀሱን ኪሱ ከተተና፣ ማንም እንዳይቀመጥበት ከሚከለክለው ፍራሽ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

«አንቺም እጅሽ ቆስሎ ነበር?» አላት ልጅቱን።

«ደንዝዞ ነበር። መሰላል ላይ ነው የሣልኩት።»

«ጠይቄሽ ቢሆን ትፈቅጂልኝ ነበር?»

«አባዬን እጠይቀው ነበር። ፊቱ የእሱ ነው።»

ሁላችንም ወደ አባቷ ዞርን። ሌሊቱን በሐሳብ ሲገላበጡ ያደሩት ሰውዬ ግን ፍራሹ ተመችቷቸው ኖሮ የምር እንቅልፍ ወስዷቸዋል። ልጅቱ ልትቀሰቅሳቸው እጇን ስትዘረጋ አጎቴ ያዛት።

«ተያቸው። እጠብቃለሁ።»

እንዲህም ሆነ። ማንንም ሳይጠይቅ የወሰደው አጎቴ፣ ፈቃድ ለመጠየቅ ከተኛ ሰው ራስጌ ተቀምጦ፣ አላፊ አግዳሚውን «እሽሽ፣ ቀስ በሉ» እያለ ጥላው ወደ ማዶ እስኪዞር ጠበቀ። ሽማግሌው ሲነቁ ተነሥቶ ባርኔጣቸውን በሁለት እጁ አቀበላቸውና ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያም ጥያቄውን አቀረበ። ሽማግሌው አሰቡበት።

«ልጄ ከተስማማች እኔም እስማማለሁ። ግን እግሬ ይግባ።»

አጎቴ በዚያው ዕለት የመኪናውን ሥዕል ላጠ፤ የታተሙትን ልብሶች ገልብጦ የእንቅልፉን ሥዕል ወደ ውስጥ አድርጎ ሰፋቸው። የመጋዘኑን ኃላፊም ራሱ ይዞ ትምህርት ቤቱ አጥር ሥር አቆመው። ኃላፊው ጎንበስ ብሎ ጽሑፉን ጮክ ብሎ አነበበና፣ «ይሄን እግር የት ደብቃችሁት ነበር?» አለ። ዘበኛው ወደ መጋዘኑ በር ተመለሱ።

አዲሱ የፍራሽ ልብስ እግሩም፣ ጽሑፉም፣ የሠዓሊዋ ስምም አለበት፤ ከሽያጩም ድርሻዋን ታገኛለች። ስሟን ያነበቡ ሌሎች ነጋዴዎች ግድግዳቸውን ይዘው ይፈልጓት ጀመር። አጎቴም አልከሰረም፤ ሰው ዘበኛው ለምን እንደተኛ ሲያውቅ ፍራሹን ይበልጥ ወደደው። መጠየቅ ያስከፈለው ነገር ቢኖር የአንድ ሰው እንቅልፍ እስኪያልቅ መታገሥ ብቻ ነበር። እናንተም ከመንገድ ዳር ዓይናችሁን የሳበ ሥዕል አይታችሁ ለንግዳችሁ ስልካችሁን ስታወጡ፣ ፎቶ ከማንሣታችሁ በፊት እግሩ ሥር ያለውን አንብቡ፤ ደውሉም።

መንገድ ዳር ያለው ፍራሽ ዛሬም አለ። አጎቴ በገዛ እጁ የጻፈው ካርቶን ተሰክቶበታል፦ «መተኛት ይቻላል። መጀመሪያ ይጠይቁ።»